ናይጀር እና ናይጀላ፦ ኑግ ይዘን የጥቁር አዝሙድ ኮንትራት እንዳንፈርም

የዕለቱን ዋጋ እንደተለመደው ማታ እለቃለሁ። ይሄ ጽሑፍ ግን ከዋጋው ይቀድማል። የየትኛው ዕቃ ዋጋ እንደሆነ ሳናውቅ የምናነበው ዋጋ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከመጡልኝ ጥያቄዎች አንዱ በእኛ አካባቢ ካለ የገበሬዎች ዩኒየን ነው። የውጭ ገዢ ነኝ የሚል ሰው በዋትስአፕ "ናይጀላ ሲድ፣ ጥቁር፣ ንጽህናው 99 ከመቶ፣ ከኢትዮጵያ" የሚል የግዢ ጥያቄ ልኮላቸዋል። ያቀረበው ዋጋ ለኑግ ሰምተውት የማያውቁት ነው። መጋዘን ውስጥ ያላቸው ደግሞ ኑግ ነው። ኑግ በእንግሊዝኛ "ናይጀር ሲድ" እንደሚባል ያውቃሉ፤ "ናይጀላም ያው ናይጀር ነው፣ ሰውዬው አጻጻፉን ትንሽ አበላሽቶት ነው" ብለው ደምድመዋል። የዩኒየኑ ሰው ደውለው "ወንድሜ፣ ዋጋው እንዲህ ከሆነ እስከ ዛሬ ለዘይት ጨማቂ ለምን በርካሽ ስንሰጥ ኖርን? ክረምቱ ሳይገባ አባላቱ ኑግ እንዲያሰፉ ልንነግራቸው ነው" አሉኝ።

መልሴ አጭር ነበር። "ጋሼ፣ ሰውዬው የሚፈልገው ኑግ አይደለም፤ ጥቁር አዝሙድ ነው። ድፎ ዳቦ ላይ የምንበትነው ማለቴ ነው።" ኮንትራቱ አልተፈረመም። ለአባላቱም ገና ምንም አልተነገረም። ግን ጥያቄው የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እዚህ ላስቀምጠው ብያለሁ።

ሁለቱ ስሞች ለምን ተመሳሰሉ?

በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ናይጀርና ናይጀላ የመጀመሪያ 4 ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው፦ ኤን፣ አይ፣ ጂ፣ ኢ። ናይጀላ የሚለው ስም የመጣው "ጥቁር" ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ሁለቱም ፍሬዎች ጥቁር ናቸው። ከቀለሙ በቀር ግን በዘር አይዛመዱም፣ በአበባም በጥቅምም አይገናኙም።

ኑግ የሱፍና የአደይ አበባ ወገን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ጊዞሺያ አቢሲኒካ ይባላል። ሁለተኛው ቃል "የአቢሲኒያ" ማለት ነው። መነሻው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። ከእኛ ቀጥሎ በብዛት የሚያመርተው አገር ህንድ ነው፤ እዚያ "ራምቲል" ይሉታል። በትግርኛ ንሁግ፣ በኦሮምኛ ኑጊ ነው። በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ማሳውን ቢጫ ያለብሰዋል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። ውኃ የሚያቁር ጥቁር አፈርም ሆነ የደከመ መሬት ይችላል። ገበሬው ሌላው ሰብል እምቢ ያለውን ማሳ ለኑግ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። አበባውን ንብ ትወደዋለች፤ ማር ያለበት አገር ያለን ሰዎች ይሄንን መንገር አያስፈልገንም። ፍሬው ለዘይት ይጨመቃል፣ ፋጉሎው ለከብት መኖ ይሆናል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ተቆልቶና ተወቅጦ ለጾም ፍትፍት ይውላል።

ጥቁር አዝሙድ ናይጀላ ሳቲቫ ይባላል። የትውልድ አገሩ በሜዲትራንያን ዙሪያና በምዕራብ እስያ በኩል ነው፤ እኛ ዘንድ ከገባ ግን ብዙ ዘመኑ ነው፣ በደጋና በወይና ደጋም ይመረታል። አበባው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይም ነጭ ነው፣ ቅጠሉ እንደ እንስላል የተበጣጠሰ ነው። ፍሬው በከረጢት መሳይ ማቀፊያ ውስጥ ነው የሚያድገው። ሥራው ቅመምነት ነው። ለበርበሬ ይገባል፣ ሊጡ ውስጥ ይለወሳል፣ ዳቦው ላይ ይበተናል፣ ጉንፋን ሲይዘን በጨርቅ ቋጥረን እናሸተዋለን።

ዳቦ ላይ መበተኑ የእኛ ብቻ አይደለም። ቱርኮች ጭራሽ ስሙን ከዳቦ ነው ያወጡለት፤ "ቾረክ ኦቱ" ይሉታል፣ "የቾረክ ቅጠል" እንደ ማለት ነው፤ ቾረክ የዳቦ ዓይነት ነው። በረመዳን ፒዴያቸው ላይ ከሰሊጥ ጋር ይበትኑታል። ህንዶች ናን ላይ ይጨምሩታል፣ "ካሎንጂ" ነው የሚሉት። በዐረቡ ዓለም "ሀበት አል ሰውዳ" ወይም "ሀበት አል በረካ" ይባላል፤ በእስልምና ትውፊት እንደ መድኃኒት ትልቅ ቦታ ስላለው የባሕረ ሰላጤው ገበያ ፍሬውንም ዘይቱንም ይፈልገዋል። ዋጋውን ከኑግ በጣም ከፍ የሚያደርገውም ይሄ ነው፦ ቅመምም መድኃኒትም ሆኖ በግራም ይሸጣል። ኑግ ግን የዘይት እህል ነው፣ በኩንታል ይሸጣል።

ናይጀር ማለት ኒጀር አይደለም

ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ። "ናይጀር ሲድ" በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፊደሉ ከምዕራብ አፍሪካዋ አገር ከኒጀር ስም ጋር አንድ ነው። ልምድ የሌለው ጸሐፊ የትውልድ አገር ሰርተፍኬት ላይ ወይም ፕሮፎርማ ላይ "ኒጀር" የሚለውን እንደ አገር ቢያስገባው አይግረማችሁ። ኑግ ከኒጀር አገር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

አሜሪካኖች ደግሞ ከዚህ ግራ መጋባት ለመውጣት ሌላ መንገድ ወሰዱ። እነሱ ዘንድ ኑግ የሚሸጠው በዋነኝነት ለወፍ መኖ ነው፤ ጎልድፊንች የምትባል ትንሽ ቢጫ ወፍ በጣም ትወደዋለች። በ1998 እ.ኤ.አ. የወፍ መኖ ነጋዴዎች ማኅበራቸው ስሙን በ"ዋይ" እና በ"ጄ" አስጽፎ በንግድ ምልክትነት አስመዘገበው። እና ከአሜሪካ ገዢ በዋይና በጄ የተጻፈ ናይጀር ከመጣላችሁ የሚፈልገው ኑግ ነው። "ቲስል ሲድ" ብሎ የሚጽፍም አለ። ቃሉ የእሾህ ተክል ስም ነው፣ በስህተት የተለጠፈ ነው፣ ግን ገበያው ለምዶታል። እሱም ኑግ ነው።

እዚህ ላይ ለአሜሪካ ገበያ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ከኑግ ጋር "ዶደር" የሚባል፣ ሰብል ላይ ተጠምጥሞ የሚኖር ጥገኛ አረም ዘሩ ተቀላቅሎ ስለሚገባ፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኑግ በሙቀት ሳይታከም እንዳይገባ ይከለክላል። በ2001 ደንቡን አጠበቀው፤ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ መሞቅ አለበት። ስለዚህ ኮንትራት ላይ ማሞቂያውን ማን፣ የት፣ በማን ወጪ እንደሚያሠራ መጻፍ አለበት። ይሄ ግዴታ የጥቁር አዝሙድ አይደለም፤ ስሙን ካምታታችሁ ግን የሌላውን ዕቃ ግዴታ ተሸክማችሁ ልትገኙ ትችላላችሁ፣ ወይ ደግሞ የራሳችሁን ግዴታ ሳታውቁት ልትቀሩ ትችላላችሁ።

በአማርኛም ችግር አለብን

ጥፋቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ላይ አንጣል። እኛም "አዝሙድ" ስንል የማይዛመዱ ሁለት ነገሮችን በአንድ ስም ጠርተን በቀለም ብቻ ነው የምንለያቸው፦ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ። ነጋዴው ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞረው "ብላክ ኩሚን" እና "ዋይት ኩሚን" ይለዋል። ግን ኩሚን ማለት ከሙን ነው። ጥቁር አዝሙድ ከሙን አይደለም። ነጭ አዝሙድም ከሙን አይደለም፤ ህንዶች አጅዋይን የሚሉት ነው። ህንዳዊ ገዢ "ብላክ ኩሚን" ሲባል ሊመጣበት የሚችለው ደግሞ "ካላ ጂራ" የሚባል ሦስተኛ ነገር ነው፤ እሱ በሂማልያ በኩልና በኢራን አካባቢ የሚበቅል ቀጭን ፍሬ ነው።

ስለዚህ ይቺን ዝርዝር ስልካችሁ ላይ አስቀምጧት፦

ኑግ፦ ናይጀር ሲድ፣ ኑግ ሲድ፣ ራምቲል፣ በአሜሪካ ቲስል ሲድም ይባላል። ሳይንሳዊ ስም፦ ጊዞሺያ አቢሲኒካ።

ጥቁር አዝሙድ፦ ናይጀላ ሲድ፣ ብላክ ሲድ፣ ብላክ ኩሚን፣ ብላክ ካራዌይ፣ ካሎንጂ፣ ሀበት አል ሰውዳ፣ ቾረክ ኦቱ። በስህተት "ኦንየን ሲድ" የሚሉትም አሉ፣ የሽንኩርት ዘር ግን አይደለም። ሳይንሳዊ ስም፦ ናይጀላ ሳቲቫ።

ነጭ አዝሙድ፦ አጅዋይን፣ አጆዋን፣ ቢሾፕስ ዊድ። ሳይንሳዊ ስም፦ ትራኪስፐርመም አሚ።

ከሙን፦ ኩሚን፣ ጂራ። ሳይንሳዊ ስም፦ ኩሚነም ሲሚነም።

ካላ ጂራ፦ እሱንም ብላክ ኩሚን ይሉታል። ሳይንሳዊ ስም፦ ቡኒየም ፐርሲከም።

"የተማሩት ተርጓሚዎች እንኳ ይሄን ያህል አይሳሳቱም" የሚል ካለ ኢሳይያስ ምዕራፍ 28ን ይመልከት። እዚያ ገበሬ የሚዘራውና በበትር የሚወቃው አንድ ፍሬ ተጠቅሷል፤ በዕብራይስጥ ቄጻሕ ይባላል፣ ምሁራን ጥቁር አዝሙድ ነው ይላሉ። የእንግሊዝኛ ትርጉሞቹ ግን አንዱ "ፊችስ" አለው፣ አንዱ "ዲል" አለው፣ አንዱ "ካራዌይ" አለው። አንዲቷ ፍሬ ሦስት ስም ወጣላት። እነሱ ኤልሲ የሚዘጋባቸው ስላልነበሩ ምንም አልሆኑም፤ እኛ ግን ያስከፍለናል።

መጋዘን ውስጥ እንዴት ይለያል?

ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው አይሳሳትም። ስህተቱ የሚመጣው በወረቀትና በስልክ ፎቶ ነው። ፎቶ ላይ ሁለቱም ጥቁር ክምር ሆነው ነው የሚታዩት። ስለዚህ፦

1. ቅርጽ። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቂት ፍሬ በትኑ። ኑግ ረዘም ቀጠን ያለ ነው፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጥቁር አዝሙድ አጠር ያለ ነው፣ ጠርዝ ጠርዝ አለው፣ ሦስት ማዕዘን ይመስላል።

2. ገጽ። ኑግ ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። ጥቁር አዝሙድ ደብዘዝ ያለና ሻካራ ነው።

3. ሽታ። መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ ቅረቡት። ጥቁር አዝሙድ አፍንጫ የሚወጋ የቅመም ሽታ ወዲያው ይሰጣል። ኑግ የቅባት ሽታ እንጂ የቅመም ሽታ የለውም።

4. ጣዕም። ጥቁር አዝሙድ መረር ብሎ ያቃጥላል። ኑግ የቅባት እህል ጣዕም ነው ያለው።

5. ቅባት። ይሄ እንዳያታልላችሁ። "ወረቀት ላይ ጨፍልቀው፣ ቅባት ካተመ ኑግ ነው" የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ጥቁር አዝሙድም ቅባት ሞልቶታል፣ ዘይቱ ተጨምቆ ይሸጣል። ሁለቱም ያትማሉ። በዚህ መለየት አይቻልም።

6. ማሳ። ዩኒየኖች ከመጋዘን በፊት ማሳ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ቢጫ አበባ ካለው ኑግ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይም ነጭ ከሆነ ጥቁር አዝሙድ ነው።

ጥቁር አዝሙድ ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ሌላ ጥቁር ፍሬ ሊቀላቅልበት የሚሞክር አይጠፋም፣ ኑግም ለዚህ ይመቻል። ከኩንታሉ አፍ ላይ ብቻ ናሙና አትውሰዱ፤ ከመሃልና ከሥር ውሰዱ፣ ወረቀት ላይ ዘርጉት፣ ረዣዥምና አንጸባራቂ የሆኑትን ቁጠሩ። አበው "ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ" ይላሉ። ቅመም ገዢ ግን አብሮ አይወቅጥም፤ ጭነቱን በሙሉ ይመልሳል።

ስሙ ከተሳሳተ ገንዘቡ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

ዲፕሎማ ስንማር ውል ላይ የዕቃው መግለጫ ሲነገረን እንደ ተራ ነገር ነበር የምናየው። ገበያ ውስጥ ስትገባ ግን ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚያ መስመር ነው። በቅደም ተከተል እንየው።

አንደኛ፣ ባንክ። ኤልሲ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ዩሲፒ 600 የሚባለውና ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት፣ ግልጽ ነው። ባንክ የሚያየው ወረቀት ነው፤ ዕቃ አያይም። በአንቀጽ 18 መሠረት ኢንቮይስ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ ኤልሲው ላይ ካለው ጋር መስማማት አለበት። ኤልሲው "ናይጀላ" ብሎ ኢንቮይሳችሁ "ናይጀር" ካለ ያ ልዩነት ነው፣ ባንኩም ላለመክፈል ምክንያት ያገኛል። "ኤልሲው እንዳለው ናይጀላ ብለን እንጻፍና ኑጉን እንላክ" የሚል ምክር ከሰማችሁ ሽሹ። ወረቀቱ ያልፍ ይሆናል፤ ዕቃው ሲደርስ ግን ነገሩ ማጭበርበር ነው የሚሆነው።

ሁለተኛ፣ ፋይቶሳኒተሪ ሰርተፍኬት። ይሄኛው ወረቀት የንግድ ስም ብቻ አይበቃውም፣ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለው። ተቆጣጣሪው ኑግ አይቶ ጊዞሺያ አቢሲኒካ ብሎ ከጻፈ፣ ኤልሲው ደግሞ ናይጀላ ካለ፣ ሁለት ወረቀቶቻችሁ ይጋጫሉ። ያኔ ዕቃው ወደብ ላይ ቆሞ የመጋዘንና የኮንቴይነር ኪራይ ይቆጥራል።

ሦስተኛ፣ ጉምሩክ። ኑግ በዓለም አቀፉ የታሪፍ መጽሐፍ ምዕራፍ 12 ውስጥ ከቅባት እህሎች ጋር ቁጥር 1207 ሥር ነው። ጥቁር አዝሙድ ለቅመምነት ሲላክ ወደ ምዕራፍ 9 ይሄዳል፤ ለመድኃኒትነት ነው ብሎ በሌላ ቁጥር የሚያስገባው አገርም ስላለ ገዢያችሁ ቁጥሩን በጽሑፍ ይላክላችሁ። ቁጥሩ ሲለያይ ቀረጡም የሚጠየቀው ምርመራም ይለያያል። አውሮፓ ለምሳሌ የፀረ ተባይ ቅሪት ገደብ ሲያወጣ ጥቁር አዝሙድን ከቅመሞች፣ ኑግን ከቅባት እህሎች ጋር ነው የምታየው።

አራተኛ፣ ፍርድ ቤት። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም መሠረታዊ ስህተት ውልን ሊያስፈርስ እንደሚችል ያውቃል። ግን ውል ማፍረስና ገንዘብ ማስመለስ ይለያያሉ። ኮንቴይነሩ ባሕር ማዶ ከደረሰ በኋላ ውሉ ቢፈርስ የመመለሻውን ጭነት ማን ይከፍላል? ብዙ ጊዜ ላኪው እዚያው ባገኘው ዋጋ ጥሎት ይመጣል።

አምስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ማሳው ነው። ላኪ ቢከስር በሌላ ጭነት ሊያካክስ ይችላል። ገበሬ ግን በተሳሳተ ስም ተነግሮት የዘራውን እስከሚቀጥለው ክረምት መመለስ አይችልም። በፃግብጂም በሰቆጣም በሌሎቹ የዋግ ወረዳዎችም ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣበት ዓመት ብዙ ነው። ጤፉን ወይ ገብሱን ቀንሶ "ዘንድሮ ኑግ በጥቁር አዝሙድ ዋጋ ይሸጣል" ተብሎ የተነገረው ሰው የሚያጣው የቤቱን ቀለብ ነው። ስለዚህ ዩኒየኖች፣ የዋጋ ወሬ ለአባል ከመድረሱ በፊት የዕቃው ስም ይጣራ። ወሬው አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም።

ይህን ስል ኑግ አትዝሩ ማለቴ አይደለም። ኑግ የራሱ ገበያ አለው፣ የአገር ውስጥ ዘይት ጨማቂዎችም የውጭ ገዢዎችም ይፈልጉታል፤ ለደከመ መሬትም እንደ እሱ የሚሆን ጥቂት ነው። ዝሩት፣ ግን በኑግ ዋጋ አስባችሁ ዝሩት። ጥቁር አዝሙድ ማምረት የሚፈልግ ዩኒየን ካለ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዘሩን፣ አፈሩን፣ አረሙን የግብርና ባለሙያ ጠይቆ በትንሽ ማሳ ጀምሮ ማየት ይሻላል።

ከመፈረም በፊት የሚደረጉ

1. ሳይንሳዊ ስሙን ጻፉ። ፕሮፎርማ ላይ፣ ኮንትራት ላይ፣ ኢንቮይስ ላይ። የንግድ ስም ይለዋወጣል፣ ሳይንሳዊ ስም አይለዋወጥም። "የዩኒቨርሲቲ ነገር ነው" ብላችሁ አትናቁት፤ አንድ መስመር ብቻ ነው።

2. የአገር ስሙን ጨምሩ። "ኑግ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት። ዕቃውን የሚያውቅ ገዢ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ይጠይቃል። ሁለቱም ለእናንተ ጥሩ ነው።

3. "ለምንድን ነው የምትፈልገው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለወፍ መኖና ለዘይት ከሆነ ኑግ ነው። ለዳቦ ቤት፣ ለቅመም፣ ለጤና ዘይት ከሆነ ጥቁር አዝሙድ ነው። ይቺ አንዲት ጥያቄ ብዙ ጣጣ ትቆርጣለች።

4. ናሙና ላኩ፣ ፎቶ አይበቃም። ግማሽ ኪሎ አሽጋችሁ ላኩ፣ ከዚያው ላይ ግማሽ ኪሎ ታሽጎና ተፈርሞበት እናንተ ጋ ይቅር። ገዢው "ናሙናው ተስማምቶኛል" የሚለውን በጽሑፍ ይላክ።

5. የታሪፍ ቁጥሩን ተስማሙ። ትራንዚተራችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ ዲክላራሲዮን ቀን አይደለም የሚጠየቀው።

6. ኤልሲው ሲከፈት የዕቃውን መግለጫ ፊደል በፊደል አንብቡ። ስህተት ካለ ከመጫን በፊት ማስተካከያ ጠይቁ። ማስተካከያው የከፋቹ ባንክና የእናንተ ስምምነት ያስፈልገዋል፣ ያረጋገጠ ባንክ ካለም የእሱ። ስለዚህ ጊዜ ይወስዳል። መርከብ ተይዞ ከሆነ በኋላ አትጀምሩት።

7. ሁሉም ወረቀት አንድ ቋንቋ ይናገር። ኢንቮይስ፣ የማሸጊያ ዝርዝር፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ የትውልድ አገር ሰርተፍኬት፣ ፋይቶሳኒተሪ። አንድ ሰው ይመደብና ጎን ለጎን አድርጎ ያንብባቸው።

8. ዋጋው ከለመዳችሁት በጣም ከራቀ ቁሙ። ከገበያው ብዙ ርቆ የሚከፍል ገዢ ወይ ሌላ ዕቃ ነው የሚፈልገው፣ ወይ ሌላ ዓላማ አለው። ሁለቱም ከመፈረም በፊት ይጣራሉ።

ሌሎች እንዲሁ የሚያምታቱ

ለቡና ሰዎች፦ ጌሻና ጌሾ። በእንግሊዝኛ የሚለያቸው የመጨረሻዋ አንዲት ፊደል ናት። ጌሻ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የወጣና በፓናማ የ2004 ውድድር ዓለምን ያስደነቀ ቡና ነው፤ ጌሾ የጠላና የጠጅ ቅጠል ነው። ጌሾ በውጭ ላሉ ወገኖቻችን ይላካል፣ ስለዚህ አንድ ላኪ ሁለቱንም በዝርዝሩ ላይ ሊይዝ ይችላል። ዝርዝራችሁ ላይ "ቡና" እና "ቅጠል" የሚሉትን ቃላት አትርሱ።

ለቅባት እህል ሰዎች፦ ሱፍ። እኛ "ሱፍ" የምንለው በእንግሊዝኛ ሳፍላወር ነው፤ "የፈረንጅ ሱፍ" የምንለው ደግሞ ሰንፍላወር። ሳፍሮን የሚባለው ውድ ቅመም ሌላ ነው፤ በየአገሩ የሱፍ አበባን እንደ ሳፍሮን የሚሸጡ አጭበርባሪዎች ስላሉ ገዢዎች በስሙ ላይ ጥርጣሬ አላቸው። ስትጽፉ ተጠንቀቁ።

ደላላ ነኝ፣ ኮሚሽን የማገኘው ዕቃ ሲሸጥ ነው። ቶሎ ይፈረም ብል ለእኔ ይቀለኛል። ግን ተመልሶ የመጣ ጭነት ሻጭንም ገዢንም ያሳጣኛል፤ ከዚያ በኋላ ስልኬን የሚያነሳ አይኖርም። ስለዚህ ስም ማጣራት የሥራዬ አንዱ ክፍል ነው ብዬ ነው የምይዘው።

"ናይጀላ" ወይም "ብላክ ኩሚን" የሚል ጥያቄ የመጣላችሁ ካላችሁ፣ የገዢውን ስምና ስልክ ሸፍናችሁ የዕቃውን መግለጫ ብቻ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የትኛው እንደሆነ አብረን እናየዋለን። ይሄን ጽሑፍ ለዩኒየን ሥራ አስኪያጆችና ለመጋዘን ኃላፊዎች አጋሩት፤ ከላኪው ይልቅ ለእነሱ ያስፈልጋቸዋል። የኑግንና የጥቁር አዝሙድን ዋጋም ከዛሬ ማታ ጀምሮ በሁለት የተለያየ መስመር፣ ከነሳይንሳዊ ስማቸው ነው የምለቀው።

መልካም ገበያ፣ መልካም ክረምት ያድርግልን።